የእኔ ብርስ አለ?

በ2014 ዓ.ም. የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ሰኔ 5 ቀን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጥሁት 6,000 ብር ላይ 2,000 ብር ጎድሎ አገኘሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በጀመርሁት ቁጥር ጽሑፉ የጠፋ ብር ታሪክ እየሆነ ያስቸግረኛል፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ብሩ አይደለም። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ትሠራ የነበረችው ልጅ ሻንጣዋን ዘርግፋ ካሳየችኝ በኋላ የጠየቀችኝ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት።

ስሟን አልጽፍም። የሲናን ወረዳ ልጅ ናት፤ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርዳም አገር ኅዳር ላይ በደላላ በኩል መጥታ ደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። ዕድሜዋ 19 ሲሆን ማታ ማታ 7ኛ ክፍል ትማር ነበር። ደመወዟ በወር 1,200 ብር ነው፤ አጎቷ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። ስለ እሷ የማውቀው ነገር ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። እንጀራዋ ዓይናማ እንደሆነ፣ ሽሮ ላይ ጨው እንደምታበዛ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እንደምታወራ አውቃለሁ፤ የእናቷን ስም ግን ለሰባት ወር አልጠየቅኋትም ነበር።

የእቁብ ብር

ብሩ የእኔ አልነበረም፤ ነገሩን ያከረረውም ይኸው ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት 12 ሴቶች ሆነን በየወሩ 500 ብር የምንጥልበት እቁብ አለን፤ ሰብሳቢዋም ጸሐፊዋም እኔ ነኝ። ዓርብ ማታ የተቀበልሁትን ሁሉ በካኪ ፖስታ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተሰቀለው ካፖርቴ ኪስ ከተትሁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በማግስቱ ለባለ ዕጣዋ ላስረክብ ሳዘጋጀው 4,000 ሆነብኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት፤ በሦስተኛው ጣቴን በምራቄ እያራስሁ፣ አንዱ ብር ከሌላው ጋር ተጣብቆ እንደሆነ ብዬ እያንዳንዱን እየፈተግሁ ነበር። ሰኞ የሰኔ ጾም ስለሚገባ ያን ቀን ዶሮ ተሠርቶ ነበር፤ ማንም በደንብ የበላው የለም።

እንግዲህ አንድም ብሩ ከፖስታው ተነሥቷል፣ አንድም ድሮውኑ አልሞላም። 2,000 ብር የአራት ሰው መዋጮ ነው። አራቱ ሳይሰጡኝ ስማቸው ላይ ምልክት አድርጌ ቢሆንስ? ዓርብ ዕለት የፈተና ወረቀት ታቅፌ፣ ደወል እየተደወለ፣ ግማሹን መዋጮ በኮሪደር ላይ እየሄድሁ ነው የተቀበልሁት። ቆጥሬ አስቀመጥሁ እላለሁ እንጂ፣ የቆጠርሁት ብሩን ይሁን ደብተሩ ላይ ያሉትን ምልክቶች ዛሬ መማል አልችልም። በዚያች ሰዓት ይህ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። የመጣልኝ ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ልጅቷ አስፈቅዳኝ መናኸሪያ ሄዳ ነበር፤ ወደ አገሯ በሚሄድ ሰው እጅ ለእናቷ የምትልከው ነገር አላት። ጥቁር ፌስታል ይዛ ስትወጣ ምን እንደሆነ ብጠይቃት “ጨውና የልብስ ሳሙና ነው እትዬ” ብላኛለች። ቅዳሜ ጨውና ሳሙና የነበረው ፌስታል እሑድ 2,000 ብር ሆነ። መናኸሪያ መዘግየቷ፣ ማታ ራቴን አልበላም ማለቷ፣ ጠዋት እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ “ቤት ልጠብቅ” ማለቷ፣ ሁሉም ተራ በተራ እየመጣ ምስክር ሆነባት። “ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር” ይባል የለ፤ እኔ ስንጥሩን ፍለጋ እጄን እስከ ክንዴ ገንፎው ውስጥ ከትቼ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤታችን የነበረችው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የመታጠቢያ ቤቱን መስመር ሊጠግን መጥቶ ሲመላለስ አርፍዷል፤ የመታጠቢያ ቤቱና የመኝታ ክፍላችን በሮች ጎን ለጎን ናቸው። 10ኛ ክፍል የሆነው የእህቴ ልጅም ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ በዚያ ሰሞን ስልክ ግዢልኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሟል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ልጆች ሳለን አባቴ ከአባቱ የሰማውን የሌባ ሻይ ታሪክ ሲያወራልን በሣቅ እንፈርስ ነበር። ሌባ ሻዩ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ሲሄድ ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት ይዘው ይከተሉታል፤ ሄዶ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ይባላል፤ የጠፋውንም ይከፍላል። በሰከረ ልጅ እግር እንዴት ይፈረዳል እያልን እንስቅ የነበርን እኛው ነን። የእኔ ጥርጣሬ ከዚያ ልጅ የተሻለ ዓይን አልነበረውም። የቧንቧ ሠራተኛውን አለፈ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካውን የእህቴን ልጅ አለፈ፣ ራሴንም አለፈ፤ ሄዶ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ወደቀ።

ሻንጣው

ባለቤቴ ለሥራ ባሕር ዳር ነበር። ስደውልለት “ለፖሊስ አመልክቺ” አለኝ። ለቡና የመጡት ጎረቤታችን እማማ ደግሞ “ፖሊስ ምን ያደርግልሻል ልጄ? አስቀድመሽ ሻንጣዋን እይ፤ ካልሆነም ቄስ ጠርተሽ አስገዝቺ” አሉኝ። ግዝት እፈራለሁ፤ በሐሰት የዋለ ግዝት ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ፖሊሱንም ፈራሁት፤ ጣቢያ የሄደ ነገር እንደገና ወደ ቤት አይመለስም። ስለዚህ ሻንጣውን መረጥሁ። ከሦስቱ ለስላሳው፣ የሠለጠነውም መንገድ እሱ መስሎኝ ነበር።

ሲኒ ታጥብ ነበር። “ብር ጠፍቶኛል” ብቻ አልኋት። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ከማድቤቱ ጀርባ ካለችው መኝታዋ ሄዳ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች። ኋላ ታሪኩን ለሰው ስነግር “ራሷ ናት ያመጣችው፤ አምጪ አላልኋትም” እያልሁ ኖሬያለሁ። እውነት ነው፤ አላልኋትም። ነገር ግን እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ እማማ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ምን እንድታደርግ እንደምንጠብቅ ያልገባው ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ዚፑ የተበላሸ ስለሆነ ሻንጣው በሲባጎ ታስሯል። እጇ እርጥብ ስለነበር ቋጠሮው አልፈታ አላትና በጥርሷ ፈታችው። ከዚያ ያደረገችው ነገር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ የሳሎኑን ምንጣፍ ጫፉን ይዛ አጠፈችና ዕቃዋን ባዶው ሲሚንቶ ላይ ታወጣ ጀመር። ምንጣፉን ጠዋት ያጸዳችው እሷ ናት፤ እንዳይቆሽሽ ነው።

ሁለት ቀሚስ። ጥለቱ የተተረተረ ነጠላ። ከነላስቲኩ የተቀመጠ፣ እግር ያልገባበት አዲስ ነጠላ ጫማ። የቅባት ብልቃጥ። የ6ኛ ክፍል ካርዷ። ሦስት ደብተር። እያንዳንዱን ካወጣች በኋላ ታራግፈዋለች፤ ቀሚሱን በትከሻው ይዛ አራገፈችው፣ ኪሱንም ወደ ውጭ ገለበጠችው፤ ጫማውን ዘቅዝቃ ሲሚንቶው ላይ መታ መታ አደረገችው፤ ደብተሮቹን በጀርባቸው ይዛ ገጾቹን ወደ ታች በተነቻቸው። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። አፈታተሹን ታውቀዋለች። ይህ በእሷ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሚያሳዝነው ግን መግባቱ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ያንንም “ለካስ ከዚህ በፊትም ተጠርጥራለች” ብዬ መዝገቧ ላይ መጨመሬ ነው።

የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታ 85 ብር ወጣ። ከታች ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ግማሿ ያለቀ የፊት ሳሙና አለች፤ የእኛ ሳሙና ናት። እማማ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ “ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል” አሉ። እኔ ደግሞ ሳሙናዋን ሳይ ደስ አለኝ። ቃሉን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን የተሰማኝ ደስታ ነው። ቢያንስ በከንቱ አልጠረጠርሁም የሚል ደስታ። ደስታው የቆየው የስድስት ዓመቷ ልጄ ከኋላዬ “እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ሽታው ደስ ይላታል” እስክትል ድረስ ነው።

ልጅቷ ዕቃዋን አንድ በአንድ መለሰች፤ ሲባጎውን አሰረች፤ ምንጣፉንም ዘረጋች። ቀና ሳትል እንዲህ አለች፤

“እትዬ፣ የእኔ ብርስ አለ?”

ከደብተሩ ጀርባ

መጀመሪያ የመሰለኝ ድፍረት ነው። እማማም “አይ ዓይን ማውጣት!” ብለው ተነሥተው ወጡ። እኔም ቁጣዬን ይዤ ወደ መኝታ ክፍል ገባሁ፤ ይኸውልሽ ብዬ ላሳያት የእቁቡን ደብተር አነሣሁ፤ ገልብጬም ከጀርባው ከፈትሁት። የእሷ ሒሳብ እዚያ ነው ያለው።

ኅዳር ላይ ስትቀጠር “እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ” ብያት ነበር። ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው፤ ለበጎ ነው ብለንም እናምናለን። ልጅ ናት፣ ከተማውን አታውቀውም፣ ብር በእጇ ከያዘች ይበሉባታል፤ ስትሄድ በአንድ ላይ ብትወስደው ቁም ነገር ታደርግበታለች። ከኅዳር እስከ ግንቦት የሰባት ወር 8,400 ብር ይሆናል። ለፋሲካ 2,000 ብር ለእናቷ ልካለች። የቀረው 6,400 ነው።

ደብተሩ ከፊት በኩል ሲከፈት የአሥራ ሁለት ሰው ስም፣ ከየስሙ ትይዩ ምልክት፣ ዕጣ የደረሳት ሁሉ የፈረመችበት መስመር አለ። ከጀርባ በኩል ሲከፈት ሰባት ጊዜ “1,200” የሚል የእኔ የእጅ ጽሑፍ ብቻ አለ። የእሷ ፊርማ የለም፤ ቅጂም አልሰጠኋትም። ከሁሉ የከፋው ግን ብሩ ራሱ የለም። ያለው ቁጥሩ ነው። በየወሩ ደመወዜ ሲገባ “1,200” ብዬ እጽፋለሁ፤ ብሩ ግን ከደመወዜ አይለይም፤ የመብራት ይሆናል፣ የዘይት ይሆናል፣ ሚያዝያ ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ስገዛ የጤፍ ሆኗል። “ቢቸግር ጤፍ ብድር” እያልን እንተርታለን፤ እኔ የተበደርሁት ማበደሯን ካላወቀች አበዳሪ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስጪኝ ብትለኝ በቤቱ ውስጥ የነበረው ጥሬ ገንዘብ የእቁቡ 4,000 ብቻ ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ጥያቄዋ ድፍረት እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ነው። እሷ ሒሳብ እየሠራች ነበር። የማታ ትምህርት ቤት ከሚማሩት አብዛኞቹ እንደ እሷ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ደመወዝ ሊጠየቅ ሲል ወርቅ ጠፋ፣ ብር ጠፋ ተብላ ባዶ እጇን የተባረረች ልጅ ታሪክ እነሱ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔም ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ። ሌባ ከተባለች 6,400 ብሯ ይቀራል። 2,000 ሰርቆ 6,400 የሚያስይዝ ሌባ ደግሞ ሒሳብ አያውቅም። ይህን ቀላል ስሌት አስተማሪዋ እኔ ሳልሠራው የ7ኛ ክፍሏ ተማሪ ሲኒ እያጠበች ሠርታዋለች።

ኋላ ላይ ስለ ሕጉ አነበብሁ። ባለቤቴ እንዳለው ፖሊስ ጋ ብሄድ ኖሮ ለ2,000 ብሬ የሚሆን አንቀጽ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ስርቆትን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። እሷም በሕግ ፊት መብት ነበራት፤ ብትያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባት፤ እስኪፈረድባት ድረስ እንደ ንጹሕ መቆጠሯ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተጽፏል፤ ንብረቷ እንዳይመረመር የሚጠብቃት አንቀጽ 26 አለ። ከሳሽዋና መርማሪዋ አንድ ሰው በሆነበት ሳሎን ውስጥ ግን የትኛውም አልሠራም።

ለ6,400 ብሯ የሚሆነውን ስፈልግ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሰጠውን የግል አገልግሎት ከራሱ ውጭ አድርጎት አገኘሁ፤ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ይላል። የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከሲናን የመጣች ልጅ ፊርማ በሌለው፣ በአሠሪዋ እጅ በተጻፈና በአሠሪዋ ቁም ሣጥን በሚቀመጥ ደብተር ከሳሽ ሆና ፍርድ ቤት ትቆማለች ማለት ነው።

አባቴ ከሌባ ሻይ ይልቅ አውጫጭኝን ያከብር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በግልጽ መመስከር የፈራ ሰው “ወፍ ነገረችኝ” ብሎ ያሳብቃል። ብዙ ግፍም ይሠራበት እንደነበር አባቴ አይክድም። ነገር ግን “ሁሉም ፀሐይ ይመታው ነበር” ይል ነበር። የእኔ ቤት አውጫጭኝ ላይ ሜዳ የወጣችው አንድ ሰው ናት፤ ሌሎቻችን ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር።

ሐሙስ

የእቁቡን 2,000 ብር ሰኞ ጠዋት ከእህቴ ተበድሬ ሞላሁ። ምልክታቸው ደብዘዝ ያለብኝን አራት ባልደረቦቼን ዘወር ዘወር እያልሁ ጠየቅኋቸው፤ አራቱም ሰጥተናል አሉ፤ አንዷ ከመመለሷ በፊት ትንሽ አሰብ አደረገች፤ ከዚያ በላይ አልገፋሁም። የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ አይነሣም። ብሩ አልተገኘም።

ረቡዕ ማታ የእህቴን ልጅ ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። ሻንጣህን አምጣ አላልሁትም፤ “ያቺን ብር አይተሃል እንዴ?” ነው ያልሁት። “እኔን ነው አክስቴ?” አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያውኑ አቀፍሁት፤ “ይቅር በለኝ፣ ሁሉንም እየጠየቅሁ ስለሆነ ነው” አልሁት። ያን ጊዜ ልጅቷ ማድቤት ሊጥ እያቦካች ነበር፤ በሩ ክፍት ስለሆነ የሳሎን ንግግር እዚያ ድረስ ይሰማል። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ለመውጣት አንድ ደቂቃ እንዳልፈጀበት እሷም ሰምታለች። ለእሷ ግን አራት ቀን ሙሉ አልወጣልኝም ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከአፍ ያልወጣውስ የት እንደሚቀመጥ እንጃ።

በእነዚያ ቀናት ሥራዋን አላጓደለችም። እንጀራው ያው ነው። ከልጄ ጋር ግን መጫወት ተወች፤ ልጄ የሰጠቻትን ነገር ሁሉ “እማዬ ትፍቀድልሽ” እያለች ትመልስላታለች።

ሐሙስ ከባንክ ሒሳቤ ያለችውን አውጥቼ፣ የቀረውን ባለቤቴ ልኮልኝ፣ 6,400 ብር አሟልቼ መጣሁ። 32 ባለ ሁለት መቶ ብር ነው። ራት ከተነሣ በኋላ ጠርቼ ሰጠኋት፤ ይቅርታዬንም ያን ጊዜ አልሁት፤ ሙሉውን አልሁት ወይስ ግማሹን ዋጥሁት፣ አሁን በትክክል አላስታውሰውም። የማስታውሰው “ቁጠሪው” ማለቴን ነው።

ብሩን አልተቀበለችኝም። እጇን ወደ ኋላዋ እንዳደረገች፣ “እማማን ልጥራቸው?” አለችኝ።

አልገባኝም። “ለምን?” አልኋት።

“ያን ዕለትም ነበሩ። እማኝ ይሁኑኝ እትዬ።”

ሄዳ ጠራቻቸው። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና እሑድ የተቀመጡበትን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጅቷ ምንጣፉን ጫፉን ይዛ አጠፈችው፤ ብሩን ሲሚንቶው ላይ አምስት አምስት እያደረገች ደረደረችው፤ ስድስት ረድፍ ሞላ፣ ሁለት ቀረ። እማማ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና “ሙሉ ነው” አሉ። እኔም እንድቆጥረው ለመነችኝ፤ “ኋላ ጎደለ እንዳንባባል” ብላ። ቆጠርሁት።

ከዚያ ደብተሩን እንዳመጣው ጠየቀችኝ። ከጀርባው ከፍቼ ሰጠኋት። ከሰባቱ “1,200” ግርጌ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ቀስ ብላ ጻፈች። እማማ መጻፍ ስለማይችሉ የቀኝ አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም አጠቆረችላቸውና ከስሟ ጎን አሳተመቻቸው።